ሳይነገር የዋለው ውጤት

ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ በሯ በቀጥታ ወደ መንገድ የምትከፈት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። የፊተኛው ክፍል ልብስ ስፌት ነው። የኋለኛው መኝታም፣ ማዕድ ቤትም፣ እንግዳ መቀበያም ነው፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ደግሞ ክሊኒክ ይሆናል። ክሊኒክ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። የቤቱ አባወራ በትልቁ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ደምና ሽንት ሲመረምር ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ቴክኒሻን ነበር። ሰፈሩ ግን በሙሉ «ዶክተር» ይለዋል። ስሙን መጀመሪያ ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። የታወቀው ነገር፣ አንድም ቀን «አይ፣ እኔ እንኳ ዶክተር አይደለሁም» ብሎ አለመመለሱ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ፈገግ ብሎ ያልፈው ነበር። ቆየት ሲል ፈገግታውም ቀረና «አቤት» ማለት ጀመረ።

እንግዲህ ሰው አንዴ ዶክተር ከተባለ ወገቡን ያመመው ሁሉ ይመጣበታል። ጥርሱን ያመመው፣ ጎኑን የወጋው፣ እንቅልፍ ያጣው ይመጣበታል። እሱም ማንንም አይመልስም። የህመም ማስታገሻ መርፌ ከመሳቢያው አውጥቶ፣ ቆዳውን በአልኮል ጠራርጎ ይወጋል። ከፊት ሚስቱ የሰው ወገብ በሜትር ስትለካ፣ ከኋላ እሱ የሰው ወገብ በጥጥ ያሻል። «እዚህ ቤት የገባ ሳይወጋ አይወጣም፤» ትል ነበር ልብስ ሰፊዋ ለደንበኞቿ። «እኔ በስፒል፣ እሱ በመርፌ።»

ቀልደኛ ሴት ነበረች። ደስ ሲላት «ዶክተሬ»፣ ስትናደድ «ሰውዬ» ትለዋለች። እሱ በደስታም በኩርፊያም «አለቃ» ነው የሚላት። በወጣትነቱ ሕክምና ሊማር አጥብቆ ተመኝቶ፣ የፈተና ነጥቡ ሳይበቃው እንደቀረ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷ በሌላ በሌላው ታሾፍበት ነበር፤ በማንኮራፋቱ፣ ካልሲውን ገልብጦ በመልበሱ፣ ዝናብ በመፍራቱ። በዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አልቀለደችበትም። ሌላ ሰው ሊቀልድ ሲልም ወሬውን ትቀይር ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሚጡ ትባላለች፤ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አባቷንም በቁመት አልፋዋለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ይህች ልጅም ሆነች እናቷ አባትየው የሚሠራበትን ቦታ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። «እዚያ ብዙ በሽታ አለ፣ ምን ትሠራላችሁ» ይላቸዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ዶክተር የሚለው ሰው የለም። ከኮሪደሩ ማዶ ሆነው «የሽንቱ ሰውዬ፣ ውጤት ደርሷል ወይ?» ነው የሚሉት። በክፋት አይደለም፤ ሥራው ስለሆነ ነው። እሱ ግን ሚስቱና ልጁ ይህንን ሲሰሙ በዓይነ ህሊናው በታየው ቁጥር ጆሮው ድረስ ይቀላ ነበር።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልብስ ሰፊዋ የተማሪ ዩኒፎርም ክምር ውስጥ ገባች። ቀሚሱ፣ ሱሪው፣ ኮሌታው እስከ ጣሪያ ደረሰ። በአንዱ ቀን ኮሌታ ስታዞር የስፌት መኪናው መርፌ ሌባ ጣቷን ከጥፍሩ ሥር በስቶ በማዶ ወጣ። እሷ ምን አለች? ምንም። መንኮራኩሩን በእጇ ወደ ኋላ አዙራ መርፌውን አወጣች፣ ጣቷን መጠጠች፣ በቁራጭ ጨርቅ አሰረችና ኮሌታውን ጨረሰች። በሦስተኛው ቀን ጣቷ ክፉኛ አበጠ፣ እብጠቱም መዳፏን አልፎ አንጓዋ ጋ ደረሰ።

ያን ዕለት ባልየው «ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ» ማለት ነበረበት። ይህንን እሱም ያውቀዋል። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ጎረቤት፣ እግሯ ላይ እባጭ ወጥቶባት ሆስፒታል ልሂድ ስትል፣ «ለዚህ ደግሞ ሆስፒታል?» ብሎ በሰው ፊት ስቆባት ነበር። አሁን የራሱን ሚስት ይዞ ሲወጣ ሰፈሩ ምን ይላል? ከዚያም በላይ ኮሪደሩ አለ… ያ ድምፅ አለ… «የሽንቱ ሰውዬ»። ስለዚህ መሳቢያውን ከፈተ። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ወጋት። ትኩሳቱ ወረደ፣ ሕመሙም ታገሰላት፣ እሷም «አየህ፣ ዶክተሬ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ብላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። በማግስቱም ወጋት። ከዚያ በቀን ሁለት ሆነ። በአምስት ቀን ውስጥ ስምንት መርፌ! መርፌው ትኩሳቱን ደበቀው እንጂ ቁስሉን ማን ነካው? ለደከመና ውኃ ላጣ ሰውነት ያ መድኃኒት ኩላሊት ላይ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከዚያ ሰፈር ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መነሳት አቃታት። አስታወካት። ክንዷ እስከ ክርኗ በቀይ መስመር ተሰምሯል። ልጇን በሞተች እህቷ ስም ጠራቻት። ሚጡ አባቷን ሳትጠይቅ መንገድ ላይ ወጥታ ታክሲ አስቆመች።

እሱ በሚሠራበት ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የተቀበለቻቸው ወጣት ሐኪም ነበረች። የልብስ ሰፊዋን እጅ አየች፣ የደም ግፊቷን ለካች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቶ መላ ሰውነቷን እያወከው ነው። ሴፕሲስ የምንለው ነው» አለች። «ጋሼ፣ እቤት የወሰደችው መድኃኒት አለ?»

ሚጡ ካርድ ልታወጣ ሄዳለች። ባልየው ጠዋት ለሥራ የለበሰውን ነጭ ጋውን እንዳደረገ ቆሟል። ሁለት ነርሶች ቀና ብለው እያዩት ነው።

«ፓራሲታሞል…» አለ። «እሱም አንድ ሁለት ፍሬ።»

ሐኪሟ ወደ በሽተኛዋ ጎንበስ አለች። «እናት፣ ይሰሙኛል? ሌላ የወሰዱት ነገር የለም? መርፌ አልተወጉም?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ባሏን አየችው። ረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረችና «የለም፣ ልጄ። ምንም አልወሰድኩም» አለች።

ወይ ሰው! ለገዛ ነፍሷ መድኃኒት የሚሆነውን ቃል ለባሏ ክብር ስትል ዋጠችው። እሱስ? ያኔ አፉን መክፈት ይችል አልነበረምን? ይችል ነበር። ግን አሁን ቢናገር እሷንም ውሸታም ማድረግ መሰለው። ሀፍረት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከገባ የሌላ ሰው መከታ መስሎ ይቀመጣል።

በዚያው ወር ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ጥናት ይካሄድ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የኩላሊትን ጉዳት የሚያሳየው የተለመደው የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒን የሚባለው፣ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ አመዱን እንደሚለካ ሰው ማለት ነው። አዲሱ የሽንት ምርመራ ግን ጭሱን ያሸታል። ኩላሊት ገና መጎዳት ሲጀምር ወደ ሽንት የሚለቃት አንዲት ፕሮቲን አለች፤ እሷን ፈልጎ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያገኛል። በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ ከወረደ ተስፋ አለ፤ ከወጣ ግን የሚመጣው ከባድ ነው። ይህ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ሴፕሲስ ይዟቸው ከሚገቡ ሰዎች ሁሉ ሽንት ይወሰዳል፤ ብልቃጡ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፋል፤ ውጤቱ ጥናቱ እስኪያልቅ ለሚያክሙት ሐኪሞች አይነገርም። ሐኪሞቹ ውጤቱን አይተው ሕክምናቸውን ከለወጡ ምርመራው ራሱ እውነት ተናግሮ እንደሆነ መለየት አይቻልምና ነው። መርማሪው ታዲያ ማን ነው? የሽንቱ ሰውዬ።

ፈቃዱን የፈረመው እሱ ነው፣ ባል ነዋ። በዚያ ጠዋት የገባው ብልቃጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ቁጥር አርባ ሰባት፣ የሚስቱ መሆኑ ነው። በማሽከርከሪያው አሽከረከረው፣ የጠራውን ከላይ ቀዳ፣ ማሽኑ ውስጥ አስገባና ቁጭ አለ። ከመቶ ሃምሳ በታች ከሆነ ደህና ነው። ማሽኑ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ብሎ ጻፈ።

ደገመው። አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ።

የግድግዳው ሰዓት አራት ሰዓት ይላል። ከሰዓቱ ሥር የጥናቱ መመሪያ ተለጥፏል፤ በመመሪያው ግርጌ በትልልቅ ፊደል «ለበሽተኛው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካየህ ወዲያው ደውል» ተብሎ ጥናቱን የሚመራው ፕሮፌሰር ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ስልኩ ክንዱ ሥር ነው። አነሳው። መልሶ አስቀመጠው። «ኢንፌክሽን ብቻውንም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል ይባላል» አለ ለራሱ። እውነት ነው፣ ይባላል። «ደግሞ ደንብ ደንብ ነው፣ ውጤት አይነገርም።» ይህም እውነት ነው። እናንተዬ፣ ሰው ራሱን ሲያታልል ውሸት እንኳ አይፈልግም፤ ሁለት እውነት ይበቃዋል! ቢደውል ፕሮፌሰሩ «ከኢንፌክሽኑ ሌላ ኩላሊቷን ሊጎዳ የሚችል ምን ነገር አገኛት?» ብሎ እንደሚጠይቀው ያውቅ ነበር። የፈራው ያንን ጥያቄ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም።

ወደ ዋርድ ሲሄድ ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«አይዞዎት፣ ጋሼ። የደም ምርመራዋ ኩላሊቷን ደህና ነው ይላል። ጠንከር ያለ ፀረ ተሕዋስያን ጀምረንላታል። ለኩላሊት ትንሽ ይከብዳል፣ እሷ ግን ትችለዋለች።»

«ዶክተር…» አለ።

«አቤት?»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

እሷም ትከሻውን ነካ አድርጋው አለፈች። እዚያው ቆሞ ቀረ። ያን «እግዜር ይስጥልኝ» መልሶ ለመዋጥ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተመኝቶ ይሆን…

በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛው ብልቃጥ መጣ። ሽንቱ ጥቂት ነው፣ መልኩም ጠቁሯል። ቁጥሩ ወደ ሦስት ሺህ ተጠግቷል። ወረቀቱን አጥፎ ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር። የሌላ ሰው ደም ሲመረምር አረፈደ። አንድ ብልቃጥ ሰበረ። ከሰዓት በኋላ ዋርድ ሲገባ ሚጡ ከአልጋው ሥር ተንበርክካ በቱቦው ጫፍ የተንጠለጠለውን የሽንት ላስቲክ በጣቷ ትነካካለች።

«አባዬ፣ ይሄ ለምን አይሞላም? ከጠዋት ጀምሮ እያየሁት ነው። ቱቦው ተጣሞ ይሆን እንዴ?»

«ገና ነው» አላት።

«ገና ማለት?»

ልጅቷ ቱቦውን ማስተካከል ቀጠለች፤ ከላይ ወደ ታች እያሻሸች፣ በጥንቃቄ፣ ጥፋቱ የቱቦው እንደሆነ አምና። እሱ ከጀርባዋ ቆሞ ጀርባዋን አየ። ሁለቱ ወረቀቶች ኪሱ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠሉት።

ሐኪሟ በፍጥነት ገባች፤ አዲስ የደም ውጤት በእጇ ይዛለች። «ከትናንቱ በእጥፍ ጨምሯል» አለች። «አልገባኝም። በአንድ ቀን ኩላሊቷን እንዲህ የሚጥል ምን አገኛት?»

ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው። ስድስት በሽተኛ፣ አምስት አስታማሚ፣ አንዲት ነርስ፣ አንዲት ልጅ። በነሱ ሁሉ ፊት የሽንቱ ሰውዬ አፉን ከፈተ።

«መርፌ ወግቻታለሁ» አለ። «ማስታገሻ። አምስት ቀን፣ ስምንት መርፌ። ፓራሲታሞል አይደለም፤ ዋሽቻለሁ። ይሄም…» ወረቀቶቹን አወጣ። «ይሄም የሽንቷ ውጤት ነው።»

ሐኪሟ ወረቀቶቹን ዘርግታ አነበበች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«የመጀመሪያው መቼ ነው የወጣው?»

«ትናንት፣ አራት ሰዓት ላይ።»

«አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ጋሼ» አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ «ከላብራቶሪ እስከዚህ ስንት እርምጃ ነው?»

መልስም ሳትጠብቅ ለነርሷ መድኃኒቱን አቁሚ ብላ ወጣች። ሚጡ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ቱቦውን ግን ለቀቀችው።

ደም ማጣሪያ ማሽን ላይ አደረጓት። እጇ ተከፍቶ ተጠረገ፣ መድኃኒቱ ተቀየረ፣ ትኩሳቷም ቀስ በቀስ ወረደ። በአምስተኛው ቀን አእምሮዋ እንደ ቀድሞው ጠራ። ያን ዕለት ልጅቷ አባቷ ሲገባ አይታ ወጣች፤ ጥፋቱን ከተናገረበት ቀን ወዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ አብራው ቆማ አታውቅም፣ ቃልም አልተነፈሰችለትም። ባልየው ከአልጋው አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አለቃ» አለ ወደ መሬት እያየ፣ «ሐኪሟ ስትጠይቅሽ ለምንድነው ምንም አልወሰድኩም ያልሻት?»

«በሰዎቹ ፊት ላዋርድህ አልፈለግኩም።»

«ብትነግሪያት እኮ…»

«አውቃለሁ።» ትንፋሽ ሰበሰበች። «እኔ መቼ አንተ ሳትነግራት ትቀራለህ ብዬ አሰብኩ። ወጣ ብለህ ለብቻዋ የምትነግራት መስሎኝ ነበር። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ሲቀይሩ፣ ይሄው ነግሯታል አልኩ። ዳግመኛ ያንኑ ሲሰቅሉት፣ እሺ ትንሽ ቆይቶ ይነግራታል አልኩ። በር በተከፈተ ቁጥር እንዲሁ ሳይ… ጠበቅኩህ እኮ፣ ሰውዬ።»

በቁጣ አልነበረም ያለችው፤ እንግዳ ዘግይቶባት ምግቡ እንደቀዘቀዘባት ሴት ነበር ያለችው። ያ ሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቢሰድቡት፣ ቢከሱት፣ ከሥራው ቢያባርሩት ከዚህ ቃል ጋር ሲነጻጸር ምን ይሆን ነበር? በሩን እያየች ጠብቃው ነበር! እሱ ደግሞ ከበሩ ማዶ ክብሯን የጠበቀላት መስሎት ቆሞ ነበር!

ሲያለቅስ ትንሽ አየችውና በደህናው እጇ እጅጌውን ሳብ አደረገችው። «ይልቅ ስማ። ሃያ ሰባቱ የተማሪ ሸሚዝ ቁልፍ ይቀረዋል። ሚጡ ትትከለው። አንተ እንዳትነካ፤ ላንተ መርፌ ማስያዝ በቅቶኛል» አለች። ከከንፈሯ ዳር ትንሽ ፈገግታ ነበረች። እሱ መሳቅም ማልቀስም ሳይችል እጇን ሳመው።

በዘጠነኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ማሽኑ ደሟን እያጣራ ሳለ ልቧ ቆመ።

ሸሚዞቹ ከነቁልፋቸው ወጡ፤ ሚጡ ለሦስት ቀን ማንንም ሳታናግር ተከለቻቸው። በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናው ወደ ጥግ ተገፍቶ ወንበር ተደረደረ። ሰፈሩ እየገባ ይወጣል። ባልየው መሐል ተቀምጧል፣ ጢሙ አድጓል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይለዋል፤ ሰው በሐዘን ጊዜ የሚለው ያው የታወቀ ነው።

«ቀኗ ደርሶ ነው፣ ዶክተር» አሉት እግራቸውን አመመኝ እያሉ ሲወጉ የኖሩ ጎረቤት እናት። «አንተማ ያላደረግክላት ምን አለ? ከዚህ በላይ ባል ምን ያደርጋል? የሷ ዕድሜ ይችው ነበረች።»

«ልክ ናቸው» አሉ ከጎናቸው ያሉት። «ከተጻፈ ማን ይፍቀዋል።»

ደህና መጽናኛ ነበር። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ዝም ቢል ያልፍ ነበር። ያም ቤት፣ ያም ሰፈር፣ ያም ስም እንደነበረ ይኖርለት ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት በሩ ተከፈተና ዓይኑ ወደዚያ ሄደ። አንዲት ሴት እንዲሁ በር በር እያየች ስትጠብቀው መዋሏን አሰበ።

«ቀኗ አልደረሰም ነበር» አለ።

ወደ ጎረቤቲቱ ዞረ።

«እናቴ፣ ቀኗ አልደረሰም ነበር። ዶክተርም አይደለሁም። ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ ሽንት ነው የምመረምረው። እጇ ሲያብጥ ሆስፒታል መውሰድ አፍሬ፣ ለሷ በማይሆን መድኃኒት ስምንት ጊዜ ወግቼ ኩላሊቷን ጎዳሁት።» ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። የጨረሰ መሰለው፤ ሰዎቹም የጨረሰ መሰላቸው። አንዱ ጫማውን እያየ ነው፣ ሌላይቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

«የቀረ አለ» አለ አንድ ድምፅ።

ሚጡ ነበረች። የሻይ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ መካከለኛው በር ላይ ቆማለች።

«የቀረ አለ፣ አባዬ።»

አባዬ ካለችው አሥራ አንድ ቀን ሆኗት ነበር። አባትየው ቀና ብሎ አያት፤ እንባው ጢሙ ውስጥ ይወርዳል። ከመርፌው ይልቅ የሚያሳፍረው የትኛው እንደሆነ ልጅቱም እሱም ያውቁታል።

«ውጤቷን አውቄ ነበር» አለ። «ከሐኪሟ በፊት፣ ከሁሉም በፊት። አንድ ቀን ተኩል ኪሴ ይዤው ዋልኩ፣ አደርኩ። አልተናገርኩም። ማንም አልከለከለኝም፣ ደንቡም አልከለከለኝም። አፈርኩ። እሷ ትናገራለህ ብላ ጠበቀችኝ፤ እኔ አፈርኩ።»

ጥቂት ሰዎች ተነስተው ወጡ። አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልሰጡትም፤ አንዳንዶቹም መልሰው ሰጡት። ሚጡ ትሪውን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች። ባዶ ከሆኑት ወንበሮች አንዱን አነሳችና ከአባቷ ጎን አምጥታ ተቀመጠች። አልነካችውም፣ አላየችውም። ከዚያ ግን አልተነሳችም።

የሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ ላይ የሚጭነው ሸክም ስንት ነው! «ተጽፎ ነው» ብለን የዘጋነው ስንት መዝገብ ውስጥ የገዛ እጃችን ጽሑፍ አለ? በመጀመሪያው ቀን ቢናገር ትድን እንደነበር ሐኪሟም ለማለት አልደፈረችም፤ «አላውቅም» ነው ያለችው፣ ልጅቱ ስትጠይቃት። ያ «አላውቅም» ከማንኛውም ፍርድ የከበደ ነው፤ አባትና ልጅ እስከ ዛሬ በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረው ይሸከሙታል። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይይዝለታል።